ራህኪስ የምትባል ጀልባ

ሱኒቫን ባለፈው ሳምንት የተውናት በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፋ፣ እየተገፋ የሚያልፈውን አልጋ በዐይኗ ስትከተል ነበር። አልጋው ላይ የተኛው ኦድሙን ነው። ያላነበበ ካለም አይጨነቅ፤ ባጭሩ ልንገረው። ኦድሙን በሰሜን ኖርዌይ፣ ከትሮምሶ ከተማ ርቆ በሚገኝ አንድ ፊዮርድ፣ ተራሮች መሃል በገባ የባሕር ክንድ ዳር ከእናቱ ጋር የሚኖር ዓሣ አስጋሪ ነው። ሱኒቫ የከተማ ልጅ ናት፤ አባትና እናቷ ሐኪሞች፣ እሷም የንግግር ሕክምና ተለማማጅ። ተዋደው ነበር። መከር ላይ በእናቱ ማዕድ አንዲት ቃል መሃላቸው ገባችና ተለያዩ። አሁን ጥር ነው። ኦድሙን ባሕር ላይ በሬዲዮ ሲነጋገር ቃላት ይከዱት ጀመር፤ ሲመረመር በግራ አንጎሉ ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ነገ ጠዋት ጭንቅላቱ ይከፈታል።

ይከፈታል ብቻ አይደለም፤ ተከፍቶ ሳለ ይነቃል።

ይህን መጀመሪያ የሰማ ሁሉ ይደነግጣል። አንጎል ራሱ ሲነካ አያመውም። ስለዚህ ቆዳውንና አጥንቱን አደንዝዘው ከከፈቱ በኋላ ሕመምተኛውን ይቀሰቅሱታል። አንዱ ፊቱ ተቀምጦ ሥዕል ያሳየዋል፤ እሱ ስሙን ይናገራል። ሐኪሟ ደግሞ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና በቀጭን ዘንግ ደካማ ኤሌክትሪክ እያስነካች ትሄዳለች። ዘንጉ ያረፈበት ቦታ ቃሉን ካቋረጠው ያ ቦታ የቃል ቤት ነው፤ ምልክት ይደረግበታል፣ ቢላዋ አይደርስበትም። ካላቋረጠው ይቆረጣል።

እንዲህ ላለ ሥራ ሳይለማመዱ አይገቡም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባለው ቀን ቡድኑ በሙሉ ልምምድ ክፍል ገብቶ፣ እውነተኛውን አልጋና መብራት አዘጋጅቶ፣ እውነተኛውን መጋረጃ ዘርግቶ፣ ነገ የሚያደርገውን ሁሉ ዛሬ ያደርገዋል። የሚጎድለው ደም ብቻ ነው። ሕመምተኛውን ሆኖ የሚተኛው ከተለማማጆቹ አንዱ ነው፤ ቀዶ ሐኪሟ ፕሮፌሰር ራግንሂልድ፣ እዚያ አልጋ ላይ ተኝቶ የማያውቅ ተለማማጅ የእሷን ክፍል እንዲረግጥ አትፈልግም።

ተራው የሱኒቫ ሆነ።

እምቢ ማለት ነበረባት። "ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ እወደዋለሁ" ብላ ከቡድኑ መውጣት ነበረባት። ግን ከወጣች ስለ እሱ ማን ይነግራታል? አፏን ዘግታ ወደ አልጋው ሄደች።

"ተኚ እንጂ እመቤት!" አላት ጌይር። ጌይር ሥዕሎቹን የሚያሳየው የንግግር ሐኪም ነው፤ ሲፈራ ቀልድ ይበዛበታል። "ትራሱ ይበቃሻል ወይስ ሆቴል ልያዝልሽ?"

"አፍህን ዝጋና ሥራህን ሥራ።"

"ሕመምተኛዋ ከአሁኑ ተሳደበች! የሰሜን ሰው ናት፣ አንደበቷ ደህና ነው በሉልኝ!"

ክፍሉ ሳቀ። ሱኒቫ መጋረጃው ሥር ስትገባ ግን ሳቁ ራቀባት። ከጎኗ ባለው ስክሪን ላይ የኦድሙን አንጎል ይታያል። አዲሱ መሣሪያ የነርቮቹን ክሮች በየቀለማቸው ለይቶ፣ ሰማያዊውን ከቀዩ፣ ቀዩን ከአረንጓዴው፣ ባሕር ውስጥ እንደተዘረጋ መረብ ያሳያቸዋል። መሃል ላይ አንድ ጥቁር ነገር ተቀምጧል። መረብ ውስጥ የገባ ድንጋይ ይመስላል፤ ክሮቹ ዙሪያውን ተጣመዋል። ይህን መረብ የሠራው እግዜር እንጂ ሰው አይደለም፤ ነገ የሚቆርጠው ግን ሰው ነው ብላ አሰበች።

"ቋንቋ?" ስትል ጠየቀች ራግንሂልድ።

"ኖርዌይኛ ብቻ" አለ ጌይር። "ትንሽ ከቴሌቪዥን የለቀማት እንግሊዝኛ አለችው። እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ ነው የጠየቅሁት። ቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ አለ ወይ ብል፣ 'እኛ ኖርዌያውያን ነን!' አለችኝ፣ የሰደብኳት ይመስል።"

"እርግጠኛ ነህ? ሁለት ቋንቋ ያለው ሰው ሁለቱን አንድ ጓዳ ውስጥ ላያስቀምጣቸው ይችላል። ያልጠየቅነውን ሳናየው እንቆርጠዋለን። ሰውየው በማግስቱ በጥሩ ኖርዌይኛ እንደምን አደራችሁ ይለናል፣ እኛም ደስ ብሎን እንሸኘዋለን። ቤቱ ገብቶ እናቱ ስታናግረው ነው ጉዱ የሚወጣው።"

"እርግጠኛ ነኝ" አለ ጌይር፤ የመጀመሪያውንም ሥዕል አነሣ። "ይህ…"

"ድመት።"

"ይህ…"

"መጥረቢያ።"

"ይህ…"

ጀልባ ነበረች። ትንሽ፣ ባለ ሁለት መቅዘፊያ፣ ዳር ላይ የቆመች ጀልባ። ሱኒቫ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን አልመጣም። ሌላ ቃል ነው የመጣባት።

ራህኪስ።

በጋ ላይ፣ ፀሐይ በማትጠልቅበት ወር፣ ኦድሙን ጆሮዋ ሥር እንዲህ ይላት ነበር። ምን ማለት ነው ብትለው ፊቱ ቀላና፣ "የአያቴ ጀልባ ስም ነው" አላት። "እኔን በጀልባ ስም ትጠራኛለህ?" "ጥሩ ጀልባ ነበረች። አትሰምጥም።" ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ቀልድ ሆነች። ጀልባህ ወደብ ላይ ቆማ ትጠብቅሃለች፣ ና ውሰዳት ብላ መልእክት ትልክለት ነበር። ዓሣ ሲቆጥር በማታውቀው ቋንቋ ሲያንሾካሹክ ሰምታዋለች፤ ሞተሩ እምቢ ሲለው በዚያው ቋንቋ ሲለማመጠው ሰምታዋለች። የሰሜኑ ነባር ሕዝብ፣ የሳሚ ቋንቋ መሆኑ ገብቷት ነበር። እሱ ሳይነግራት መጠየቅ ግን አልፈለገችም።

ከዚያ ያ እሁድ መጣ። እናቱ ሀንሲኔ ኮድ የተባለውን ዓሣ ከነጉበቱ ቀቅላ አቀረበች። ሱኒቫ ልትወደድ ፈልጋ፣ እየሳቀች፣ "ራህኪስ የምትባለዋ ጀልባችሁ አሁንም አለች?" ብላ ጠየቀች። የሀንሲኔ ሹካ ሰሐኑ ላይ ቆመ። "እንዲህ የምትባል ጀልባ በዚህ ቤት ኖራ አታውቅም" አለች። ኦድሙን ዐይኑን ከሰሐኑ ሳያነሣ፣ "ተሳስታ ሰምታ ነው" አለ። ወደ መርከቡ ሲሸኛት ያወጣት ቃል አንዲት ብቻ ነበረች፤ "ሳቅሽ" አላት።

"ሕመምተኛ?" አለ ጌይር ሥዕሉን እያወዛወዘ። "ጀልባ እኮ ነው! ከተሜ!"

"ዝም በል" አለች ራግንሂልድ። "ነገ የምፈራው እንዲህ ያለውን ዝምታ ነው።"

ሱኒቫ መጋረጃውን ገፋ አድርጋ ተነሣች። "ትንሽ አየር" አለችና ወጣች። በኮሪደሩ ወደ ኦድሙን ክፍል አመራች። በዚህ ሆስፒታል ውስጥ ነገ ምን እንደሚቆረጥ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች፤ ይህን ብቻዋን ማወቅ ከማንኛውም ፍርሃት የከፋ ሆነባት።

*

ኦድሙን አልጋው ላይ ተቀምጦ ሲባጎ እየቋጠረ ይፈታል። ሲያያት እጁ ቆመ።

"ምን ልትሠሪ መጣሽ?"

"ልጠይቅህ።"

"ጠየቅሽኝ። አለሁ።" ወደ ጠረጴዛው አመለከተ። "ያንን… ያንን ነገር አቀብይኝ።"

"ውሃውን?"

"ውሃውን" አለ፤ ፊቱን አዞረ። ሱኒቫ ብርጭቆውን ስትሰጠው ጣቶቻቸው ተነካኩ። ሁለቱም እጃቸውን ፈጥነው ሰበሰቡ።

"ኦድሙን፣ ሌላ ቋንቋ እንዳለህ ንገራቸው።"

"የለኝም።"

"ዓሣ ስትቆጥር ሰምቼሃለሁ።"

"ታዲያ ሳቂያ!" አለና ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ትምህርት ቤት ሳለሁ አንዲት ቃል አመለጠችኝ። ዓመቱን ሙሉ በዚያች ቃል ጠሩኝ። ሳቃቸውን አውቀዋለሁ፣ ሱኒቫ። በእናቴ ማዕድ ላይ የሰማሁት እሱን ነው።"

"ደስ ብሎኝ ነው የሳቅኩት! ጀልባዋን ላያት ነበር የፈለግሁት! ባየኋት ቁጥር አንተን ላስታውስባት!"

ኦድሙን ሲባጎውን ጣቱ ላይ ጠመጠመው።

"ጀልባ የለችም" አለ።

"ታዲያ ምንድን ነው ቃሉ?"

ሲባጎውን መልሶ ፈታው። እሷም ራሷ ፈልጋ ልታገኘው ትችል ነበር፤ እነዚያን ወራት ሁሉ እጇ ወደ ስልኳ እየሄደ ይመለስ ነበር። የማላገጫ ቃል ቢሆንስ? ባዶ ቃል ቢሆንስ? ይህን ከማወቅ በጀልባ ስም መጠራት ይሻላታል።

"ዓሣው በምን ቋንቋ እንደምናገር ግድ የለውም" አለ ኦድሙን። "ኖርዌይኛ ይበቃኛል። እናቴም የምትሻው ይኸው ነው። ለሐኪሞቹ አትናገሪ። ከተናገርሽ ዐይንሽን ማየት አልፈልግም።"

ሲባጎው ግን በእጁ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሱኒቫ አየችው፤ እሱም እንዳየችው አየ። ያን ጊዜ የገባት ነገር ቢኖር እንዳልጠላት ነው፤ ፈርቷል። የምትወዱት ሰው ሲቆጣ ማየት ይቻላል። ሲፈራ ማየት ግን አንጀት ይበላል።

*

ሀንሲኔ በቤተሰብ መጠባበቂያው ክፍል ብቻዋን ተቀምጣ ካልሲ ትሠራለች። አጠገቧ የቡና ፔርሙስና በወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት የፀሐይ ዳቦዎች አሉ። ከክረምቱ ጨለማ በኋላ ፀሐይ ብቅ የምትለው በማግስቱ ነበር፤ ከተማው ሁሉ ዳቦውን ከዋዜማው ይገዛል። የእሷ አልተነካም።

"አንቺ ነሽ?" አለች ቀና ሳትል። "ጀልባዋን ፍለጋ መጣሽ?"

ሱኒቫ ስድቡን ዋጠችው። "ሀንሲኔ፣ ነገ የሚሆነውን ነግረውዎታል?"

"ነግረውኛል። ልጄን ከፍተው ሥዕል ሊያሳዩት ነው።"

"በአንድ ቋንቋ ብቻ።"

"ያለው አንድ ነው። እኛ ኖርዌያውያን ነን።"

"ሕፃን ሳለ እሹሩሩ ያሉት በምን ቋንቋ ነው?"

የሹራቡ መርፌዎች ጸጥ አሉ። ሀንሲኔ በመስኮቱ ውጪውን አየች፤ የቀትር ጨለማ ነው፣ የመኪና መብራት ብቻ ያልፋል።

"ሰባት ዓመቴ ነበር" አለች። "አዳሪ ትምህርት ቤት። ሽንት ቤት በኖርዌይኛ እንዴት እንደሚባል አላውቅም ነበር። በማውቀው ጠየቅሁ። አስተማሪዋ በትክክለኛው ቋንቋ እስክትጠይቂ አትወጪም አለችኝ። ከዚያማ ቀሚሴ ላይ… ልጆቹ ሁሉ ፊት። አንቺ ልጅ፣ እኔ እስከ ዛሬ ለባሌ እንኳ አልነገርኩም። ልጄ እንዲህ እንዳይሆን አልሁ። ቋንቋውን ከቤቴ አስወጣሁት። እሹሩሩ ስለው ግን ሌላው አይመጣልኝም ነበር። ምን ላድርግ? ጨለማ ነው፣ ማንም አይሰማም፣ ልጁ ያለቅሳል። ባሕር ላይ ደግሞ አያቱ የቀረውን ቋንቋ ሞላበት።"

"ነገ ያልጠየቁትን ይቆርጡታል፣ ሀንሲኔ። ሳያዩት።"

"ይቁረጡት! ለማን በጀ?" አለች፤ ሁለተኛው ቃል ላይ ግን ድምፅዋ ተሰበረ። ጥቂት ቆይታ፣ እንደ ሕፃን በቀጭኑ ጠየቀች፤ "ከዚያ በኋላ ስጠራው አይሰማኝም ማለት ነው?"

ሱኒቫ ልታጽናናት ፈልጋ ነበር። ውሸት ግን አልወጣትም። "ይሰማዎታል" አለች። "ግን የማያውቀው ሰው ድምፅ ሊሆንበት ይችላል።"

ሀንሲኔ ተነሣች። ካልሲውን እንደያዘች ወጥታ በኮሪደሩ ሄደች፤ የክሩ ድውር ከጭኗ ወድቆ እየተፈታ ተከተላት። ሱኒቫ ጎንበስ ብላ ክሩን እየሰበሰበች ከኋላዋ ሄደች፤ የፕሮፌሰሯ በር ላይ ሲደርሱ ጫፉና ጫፉ በሁለቱ እጅ ነበር።

"ልጄ ሌላ ቋንቋ አለው" አለች ሀንሲኔ ሳታንኳኳ ገብታ። "ዋሽቼ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ራግንሂልድ አልተቆጣችም። አስተርጓሚ አስጠራች፤ የሚገኘው የደጋው ሳሚ አስተርጓሚ ነው፣ እሱም በበረዶ ማዕበል ምክንያት በአውሮፕላን ሊመጣ አይችልም። የባሕሩን ቃል የፊዮርዱ ሰው እንደሚናገረው ለይቶ የሚሰማ ያስፈልጋል። ራግንሂልድ አሮጊቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት። "ሥዕሎቹን ዛሬ አብረን እንመርጣለን" አለች፤ "ነገ ከልጅሽ ራስ አጠገብ ትቀመጫለሽ። ትክክል ካለ አዎ፣ ካልሆነ አይደለም ትያለሽ። ደም ያስፈራሻል?"

"ዕድሜዬን ሙሉ ዓሣ ስዘረግፍ ነው የኖርሁት።"

"ጥሩ። አንቺስ?" አለች ወደ ሱኒቫ ዞራ። "አንቺ ይህን እንዴት አወቅሽ?"

ሱኒቫ ነገረቻት። ምንም አልደበቀችም።

"ታዲያ ዛሬ አልጋዬ ላይ ተኝተሽ ምን ትሠሪ ነበር?" አለች ራግንሂልድ በቀስታ፤ ቀስታው ከጩኸት ይከብዳል። "የሚወዱት ሰው ላይ እጅ አይታዘዝም። ነገ ከቀዶ ክፍሉ መስታወት ወዲያ ነሽ። እግርሽ ወዲህ እንዳይል።"

ሀንሲኔ ወደ ልጇ አልጋ ሄዳ፣ ነርሶቹ እየሰሙ፣ ድምፅዋን ሳትደብቅ በዚያ ቋንቋ አናገረችው። ኦድሙን ደንግጦ ዙሪያውን አየ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ፊቱን በእናቱ እጅ ሸፈነና ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ሲያነሣ ዐይኑ በሩ ላይ ከቆመችው ከሱኒቫ ጋር ተገናኘ። ዐይንሽን ማየት አልፈልግም ያለው ሰው አየት አድርጎ አልመለሰም፤ እያያት ቆየ። እሷም ከዚህ እይታ በኋላ ብታጣው እንደምትሞት አወቀች።

*

ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ክፍል ጠባብ ነው። ስክሪን አለ፣ ድምፅ ማጉያ አለ፣ አንድ ማይክሮፎን አለ። ሱኒቫ ቆማለች፤ መቀመጥ አልቻለችም።

"ኦድሙን፣ ነቅተሃል?" የጌይር ድምፅ ነው።

"ነቅቻለሁ። ጭንቅላቴ ላይ ማን ነው የሚሠራው?"

"ጣሪያህን እያደስንልህ ነው። ከመስታወቱ ወዲያ ደግሞ ታዳሚ አለህ፣ ሱኒቫ ናት። እንግዲህ አታሳፍረን።"

ኦድሙን፣ "እሺ" አለ።

የኖርዌይኛው ዙር በደህና አለፈ። ራግንሂልድ በየቦታው ዘንጉን ታስነካለች፤ አንዳንድ ቦታ ቃሉ ይቆማል፣ "ምልክት" ትላለች፤ ሌላው ቦታ፣ "እዚህ ነፃ ነው" ትላለች። ከዚያ ሀንሲኔ፣ በአረንጓዴው ልብስና ጭምብል ውስጥ ዐይኗ ብቻ የቀረው፣ ወደ ልጇ ፊት ጠጋ አለች። የዓሣው ሥዕል ተነሣ።

"ጉኦሊ" አለ ኦድሙን።

"አዎ" አለች እናቱ። ለአርባ ዓመት ያባረረችውን ቃል በሰው ፊት አዎ አለችው።

"ኒይቢ" አለ ለቢላዋው።

"አዎ።"

የበረዶው ሥዕል መጣ። ኦድሙን አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ዐይኑ ፈጠጠ። ራግንሂልድ ዘንጉን አነሣች፤ ቃሉ ወዲያው መጣ።

"ምልክት" አለች፤ ቀጥላም፣ "ይህን ቦታ በኖርዌይኛው ጊዜ ነፃ ነው ብዬው ነበር" አለች። "ልቆርጠው ነበር።"

ሱኒቫ አፏን በእጇ ያዘች። ሀንሲኔ የልጇን እጅ አልለቀቀችም።

ቀጠሉ። የሚወጣው ወጣ። ዕጢው ዳርና ዳር ተላቀቀ፤ የቀረው ከቃሉ ቤት ጋር የተያያዘው፣ አስቸጋሪው ነው። ጌይር ሌላ ሥዕል አነሣ። ያቺው ጀልባ ናት።

"ራህኪስ" አለ ኦድሙን።

ሀንሲኔ ደነገጠች። "አይደለም" አለች። "ስህተት ነው። ይህ ጀልባ ማለት አይደለም።"

"እኔ አልነካሁትም" አለች ራግንሂልድ። "ዘንጉ እጄ ላይ ነው። ድገምለት።"

ጌይር ሥዕሉን ዝቅ አድርጎ አነሣው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልመጣለትም።

"ራህኪስ" አለ ኦድሙን እንደገና፤ ድምፁ ደክሟል።

"ቃል መለዋወጥ ጀመረ" አለች ራግንሂልድ። "ከዚህ አላልፍም። የቀረው ይቅር፤ እንዝጋው።"

የቀረው ይቅር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሱኒቫ ታውቃለች። የቀረው ያድጋል። ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ሥዕልም ቋንቋም አያድነውም። እጇ ወደ ማይክሮፎኑ ሄደ፤ መንገድ ላይ ቆመ።

ቀልዳቸው ቢሆንስ? እሷ እንዳለች አውቆ፣ ለእሷ ብሎ የተናገረው ቢሆንስ? ግን ባይሆንስ? አንጎሉ እየዳከረ የቀረበውን ቃል ያነሣ ቢሆንስ? ሰላም ነው ብላ ብትናገርና ብትሳሳት፣ ቢላዋው በእሷ አፍ ይገባል። ዝም ብትል ይሞታል። ብትናገር ልትገድለው ትችላለች። በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም፤ የገዛ ልቧ ምት በማጉያው የሚሰማ መሰላት።

ቁልፉን ተጫነች።

"ራግንሂልድ፣ ስህተት ላይሆን ይችላል።"

"በ'ይችላል' አልቆርጥም።"

"ለእኔ ነው የተናገረው። እኔን በዚያ ቃል ይጠራኝ ነበር። የጀልባ ስም ነው ብሎ።" "እኔ ላናግረው። አንድ ጊዜ ብቻ።"

ራግንሂልድ ወደ መስታወቱ አየች። የሀንሲኔም ዐይን፣ በጭምብሉ ላይ፣ ቀስ ብሎ ወደ መስታወቱ ተነሣ።

"አንድ ጊዜ።"

"ኦድሙን።"

"አለሽ?" አለ።

"አለሁ። እያስፈራኸን ነው። እኔን ተወኝና ሥዕሉን እይ። ምንድን ነው?"

መሣሪያዎቹ ብቻ ይጮኻሉ። ሱኒቫ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች። ና፣ አለች በልቧ። ና፣ እባክህ፣ ና።

"ፋናስ" አለ ኦድሙን።

"አዎ!" አለች ሀንሲኔ፤ ጮኸች ማለት ይቀላል።

"ጀልባ ነው እንጂ ምን ይሆናል" አለ እሱ፣ በኖርዌይኛ፣ እየጎተተ። "እኔ ስሟን ነው የነገርኳችሁ። ስም አላት። ተሳስታ አልሰማችም። ያን ቀን… ማዕዱ ላይ… የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

መጀመሪያ የተናገረው ጌይር ነው። "ሰው ጭንቅላቱ ተከፍቶ ያሽኮረምማል እንዴ?" አለ፤ ድምፁ እንባ እንባ ይላል።

"ሥዕሉን ያመጣኸው አንተ ነህ።"

"አንተ ሰውዬ!" አለች ራግንሂልድ። "ሁለተኛ እንዲህ ብታደርግ አፍህን ነው የምሰፋልህ። የምታየውን ብቻ ተናገር፣ ሌላውን ስትድን ታደርሰዋለህ!" ረጅም ትንፋሽ ወሰደች። "እንቀጥላለን። አስቸጋሪው አሁን ነው የሚጀምረው።"

"አንዴ ይፈቀድልኝ" አለች ሀንሲኔ። ወደ ልጇ አልነበረም የዞረችው፤ ወደ መስታወቱ ነው።

"አንቺ ልጅ" አለች። "እንዲህ የምትባል ጀልባ በቤታችን ኖራ አታውቅም። እውነቴን ነው የነገርኩሽ። ባሌ ነበር ይህን ቃል የሚለኝ፤ በሩን ዘግቶ፣ መጋረጃውን ጋርዶ፣ እንደ ሌባ። ከሱ በኋላ ማንም ሰውን በዚህ ቃል ጮክ ብሎ ሲጠራ አልሰማሁም፣ እስከ ዛሬ።" ቆመች። "ውዴ ማለት ነው።"

ሱኒቫ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ከዚያ ሆና መስታወቱ አይታያትም፣ ማጉያው ብቻ ይሰማታል። የበጋው ሌሊት ሁሉ፣ ያ ሁሉ ጀልባ፣ ያ ሁሉ ሳቅ፣ አንድ ጊዜ ተመልሶ መጣባት። ያን ሁሉ በጋ ውዴ ተብላ ስትጠራ ነበር፤ ሳታውቀው።

"ዘንግ" አለች ራግንሂልድ።

ፍርሃቱ የትም አልሄደም። እንዲያውም አሁን ነው የበዛው፤ አሁን የምታጣው ምን እንደሆነ አወቀች። ጌይር ሥዕል ሲያነሣ የወረቀቱ ድምፅ ተሰማት። ምን ሥዕል እንደሆነ አላየችም። ትንፋሿን ያዘች፤ ሀንሲኔም እንደያዘች፣ ሁለቱም በአንድ ክር ጫፍና ጫፍ እንዳሉ፣ ታውቃለች። የኦድሙን ቃል ዘገየ።

ዘገየ።

መጣ።